የእናቴ ሳል፣ ሳይነስና እንቅልፍ ማጣት፦ መድኃኒቶቹ እርስ በርሳቸው ይጋጩ ይሆን?

ጥያቄ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ወገኖቼ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። አገር ቤት ሳሉ አስም እንዳለባቸው ተነግሯቸው አልፎ አልፎ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት) ይወስዱ ነበር፤ ሳይነስ የሚባለውን ግን አያውቁትም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ደኅና ከርመው፣ ዘንድሮ ከፋሲካ ወዲህ ማስነጠሱ፣ የዓይን ማሳከኩና የአፍንጫ መታፈኑ አላስቀምጥ አላቸው። ይባስ ብሎ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሳል ይቀሰቅሳቸዋል፤ ደረታቸው ሲር ሲር ይላል፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል የለም።

ማታ ማታ የሚወስዱት ለአለርጂ ቤናድሪል፣ ለእንቅልፍ ደግሞ ዘመድ ያመጣላቸውን በስሙ መጨረሻ ላይ «ፒኤም» የሚል ኪኒን ነው። ከዚህ ሌላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛነው አፍንጫ የሚከፍት ስፕሬይ፣ ከአገር ቤት የመጣው የሳልቡታሞል ፓፍና ሐኪም ያዘዘላቸው የግፊት መድኃኒት አለ። የሚኖሩት ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ ነው። ለሁሉም ነገር መድኃኒት አላቸው፤ እንቅልፍ ግን የላቸውም። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ።

መልስ፤ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እኅቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ሆኖም እናትሽን ሳላያቸውና ማኅደራቸውን ሳላነብ «ይህን ይውሰዱ፣ ያንን ይተዉ» ለማለት አልችልም። የዘረዘርሽው ግን ከብዙ የአገራችን ቤተሰቦች ዘንድ በየጊዜው የማየው ነገር ነው። አፍንጫው፣ ሳንባውና እንቅልፉ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች መስለው ለየብቻ ይታከማሉ፤ ለአንዱ የተገዛው መድኃኒትም ሌላውን ሲያባብስ ይታያል።

አስቀድሜ ቤናድሪሉንና ፒኤሙን ላንሣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ከጀርባቸው ያለውን ሠንጠረዥ ብታነቢ፣ ፒኤም የሚባሉት ኪኒኖች አብዛኞቹ ከሕመም ማስታገሻው ጋር ዳይፈንሃይድራሚን የተባለ መድኃኒት እንደያዙ ታያለሽ። ቤናድሪልም እርሱው ነው። ስለዚህ እናትሽ አንድን መድኃኒት በሁለት ስም በእጥፍ እየወሰዱ ሊሆን ይችላል። ይህ መድኃኒት እንቅልፍ የሚያመጣው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ሰውነት ቶሎ ይለምደዋል፤ እንቅልፍ ማምጣቱ ሲቀር ግን ጉዳቱ አብሮ አይቀርም። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፤ በማግስቱ ያደነዝዛል፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ደግሞ ግራ ያጋባል፣ ሌሊት ሲነሡም ለመውደቅ ያጋልጣል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ሊርቋቸው የሚገቡ መድኃኒቶችን በሚዘረዝርበት የቢርስ ሰነድ ውስጥ ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም። እናታቸው መርሳት ጀመሩ ብለው ለሚጨነቁ ልጆች እኔ መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ «ማታ ማታ ምን ይወስዳሉ?» የሚል ነው።

ለአለርጂ እምብዛም የማያደነዝዙ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ መድኃኒቶች አሉ፦ ሎራታዲን፣ ፌክሶፌናዲንና ሴቲሪዚን። ከእነዚህ ሴቲሪዚን አንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ፌክሶፌናዲን በውኃ ነው የሚወሰደው፤ በብርቱካን፣ በፖም ወይም በግሬፕፍሩት ጭማቂ ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ከስማቸው ቀጥሎ «ዲ» የሚል ፊደል ያለባቸውን ግን ግፊት ላለበት ሰው ሐኪም ሳትጠይቂ አትግዢ፤ በውስጣቸው ያለው ሱዶኤፌድሪን ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍም ይነሣል።

አፍንጫ የሚከፍተው ስፕሬይ ኦክሲሜታዞሊን ከሆነ፣ ከሦስት ቀን በላይ ሲወሰድ አፍንጫው ያለ እርሱ አልከፈት ይላል፤ ሰውም መድኃኒቱ ራሱ እያፈነው እንደሆነ ሳይገባው ጨምሮ ይነፋል። በረጅሙ የአለርጂ ወራት የሚጠቅመው እንደ ፍሉቲካሶን ያለ ስቴሮይድ ያለበት የአፍንጫ ስፕሬይ ሲሆን፣ እዚህ አገር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ይህኛው በደቂቃ የሚሠራ አይደለም፤ ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው በየቀኑ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ከቀናት በኋላ ነው፤ በሁለተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ተብሎ የሚጣለውም ለዚህ ነው። አነፋፉም ወሳኝ ነው። አንገት ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፤ ለግራው ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ ለቀኙ በግራ እጅ ይያዛል፤ ጫፉ ወደ መካከለኛው አጥንት ሳይሆን ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዞራል። በኃይል ከተሳበ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይባክናል፤ ወደ መካከል ከተነፋ ደግሞ አፍንጫን ያደማል።

ወደ አስሙ ስመጣ ትንሽ ጠንከር ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ። ሳልቡታሞል፣ እዚህ አልቡቴሮል የሚባለው፣ የተጨበጠውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓታት ያላቅቃል እንጂ ውስጡን የቆጣውን አያድንም። በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ የሚያስፈልግ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ አስም በቁጥጥር ሥር ያልዋለ አስም ነው። ቁጣውን የሚያበርደው በየቀኑ የሚሳበው ስቴሮይድ ነው፤ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጊናም ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል። እኛ ዘንድ «ፓፍ ይለመዳል፤ አንዴ ከተጀመረ አይተውም» የሚለው ወሬ ሥር ስለ ሰደደ፣ ሰዎች በየቀኑ የሚወሰደውን ትተው ሲታፈኑ ብቻ ሰማያዊዋን የሳልቡታሞል ፓፍ ያነሣሉ። ሱስ የሚሆን መድኃኒት አይደለም። ሲተው ሕመሙ የሚመለሰው የግፊት መድኃኒት ሲተው ግፊቱ እንደሚመለሰው ነው።

እናትሽ ፓፉን ሲወስዱ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ። ይንቀጠቀጣል፤ አየር ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከንፈር በፓፉ አፍ ላይ ይገጥማል፤ ቀስ ተብሎ መሳብ ሲጀመር ይጫናል፤ ከዚያ ትንፋሽ እስከ 10 ሰከንድ ይያዛል። ብዙ እናቶች ተጭነው ነው የሚስቡት፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰር የሚባለው ቱቦ ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል፤ ሐኪሙን እንዲያዝላቸው ጠይቂው። ስቴሮይድ ያለበትን ከወሰዱ በኋላ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ያወጣል።

የግፊቱን ኪኒን ስም አልጻፍሽም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማየው እርሱን ነው። ስሙ «ፕሪል» ብሎ የሚያልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኢናላፕሪል ወይም ሊሲኖፕሪል፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ለወራት የማይለቅ ደረቅ ሳል ያመጣል። ፕሮፕራኖሎል ደግሞ አስምን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ለግላኮማ የሚጨመረው የቲሞሎል የዓይን ጠብታ እንኳ ሳንባ ድረስ ይደርሳል። አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም አንዳንድ አስመኞችን ያፍናሉ። ይሁን እንጂ የግፊት መድኃኒትን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ የሚለወጥ ከሆነ ሐኪሙ ይለውጠው። ምናልባት ሞንቴሉካስት የተባለው የአስምና የአለርጂ ኪኒን ከታዘዘላቸውም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 ከባድ ማስጠንቀቂያ እንደጻፈበት ዕወቂ፤ ቅዠት፣ የእንቅልፍ መታወክና የስሜት መለዋወጥ ሊያስከትል ስለሚችል እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ወዲያው ለሐኪሙ ንገሪው። የስቴሮይድ ኪኒን ለጥቂት ቀናት ቢታዘዝላቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ነው የሚወሰደው፤ ማታ ከሆነ ዓይን ሳይከደን ይነጋል።

ሁለት ዓመት ደኅና ከርመው በሦስተኛው መታመማቸው አይግረምሽ። ሰውነት አዲሱን ብናኝ ለመጥላት ጊዜ ይፈጅበታል። በእኛ አካባቢ በሚያዝያ የኦክ ዛፍ፣ በግንቦትና በሰኔ ሣር፣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መጀመሪያው አመዳይ ደግሞ ራግዊድ የሚባለው አረም ብናኙን ይረጫል። በእነዚህ ወራት መስኮት ይዘጋ፤ ነጠላና አንሶላ ውጭ አይሰጣ፤ እናትሽም ከመኝታ በፊት ጸጉራቸውን ጭምር ይታጠቡ። ቤዝመንቱ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጎዳ ነገር አለው። እርጥበቱ ከ50 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታውም በዓይን የማይታዩት የአቧራ ተባዮችም ይራባሉ። እርጥበት የሚመጥ ማሽን ግዢ፤ አልጋ ልብሱን በየሳምንቱ ቢያንስ 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውኃ እጠቢ።

ዕጣኑንና ቡናውን ሳላነሣ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። በተዘጋ ቤዝመንት ውስጥ የሚጨስ ዕጣንና በምጣድ የሚቆላ ቡና ጭሳቸው ለሰዓታት ስለሚቆይ የቆጣን ሳንባ ይፈታተናሉ። ቡናውን ሌላ ሰው ደጅ ይቁላው፤ አፓርታማ ውስጥ ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ ብዙ ጊዜ ጭሱን መልሶ ቤቱ ውስጥ ስለሚያዞረው አትተማመኑበት። ሰዓቱም ይታሰብበት፤ ካፌይን በሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከሥራ መልስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተጠጣ አቦል እኩለ ሌሊት ላይ ገና ከነግማሹ አለ።

ለሐኪሙ ቀጠሮ የመድኃኒቶቹን ስም ከመጻፍ ይልቅ ቤት ያለውን ሁሉ፣ ጥቁር አዝሙዱንና ዳማከሴውንም ጨምሮ፣ በአንድ ከረጢት ይዘሽ ሂጂ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው ቀጠሮ ስትይዢ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ እናቶች በልጃቸው አፍ የማይናገሩት ሕመም አለ። ፓፉን ወስደው ትንፋሻቸው ካልተመለሰ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ 911 ይደወል።

አስተያየት፤ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ወንድማችን፣ ስለ ሰፊው ማብራሪያ እናመሰግናለን። እኔ መጋዘን ውስጥ ሌሊት እየሠራሁ ቀን የምተኛ አስመኛ ነኝ። ሐኪሙ «ጠዋትና ማታ» ያለኝን መድኃኒት በየትኛው ጠዋት እንደምወስደው ግራ ገብቶኛል። በጾም ጊዜስ? በኢንሹራንስም ቢሆን ዋጋው አልቀመስ አለኝ።

መልስ፤ ከአሌክሳንድሪያ

ወንድሜ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለሚወሰደው ዋናው ነገር በሁለቱ መካከል አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል መኖሩ ነው። ከእንቅልፍህ ስትነሣና ልትተኛ ስትል ጥርስህን ከምትቦርሽበት ሰዓት ጋር ብታያይዘው አትረሳውም፤ አፍህንም እዚያው ትጉመጠመጣለህ። እንቅልፍ እንዳይመጣ ሌሊት የሚጠጣው የኃይል መጠጥ ግን ንጋት ላይ ስለሚተርፍ ከፈረቃህ አጋማሽ በኋላ አትጠጣው። አልኮልም ሆነ የእንቅልፍ ኪኒን ሳንባው ባልተረጋጋ ሰው ላይ ያለ ሐኪም ምክር አይሞከርም፤ የምታንኮራፋና ቀን የሚያንጎላጅህ ከሆነም በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቋረጥ እንዳይሆን መመርመር አለብህ።

ጾሙን በሚመለከት የቤተ ክርስቲያን ሰው ከሆንክ የንስሐ አባትህን አማክር፤ ለሕመምተኛ መድኃኒት አይከለከልም። ሙስሊም ወገኖቻችን በየቀኑ የሚወሰደውን በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት ማድረግ ይችላሉ። የሚሳበው መድኃኒት ጾም ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም በሚለው ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም ስላላቸው የሚያምኑትን ይጠይቁ፤ የታፈነ ሰው ግን ፓፉን ሳይወስድ ጀምበር እስክትጠልቅ መጠበቅ የለበትም።

ስለ ዋጋው፣ አስትራዜኔካና ቤሪንገር ኢንግልሃይም ከሰኔ 2024፣ ጂኤስኬ ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የግል ኢንሹራንስ ያላቸውም ሆኑ ጭራሽ የሌላቸው ሰዎች ለኢንሄለሮቻቸው (ለፓፎቻቸው) በወር ከ35 ዶላር በላይ እንዳይከፍሉ የሚያደርግ አሠራር ዘርግተዋል። እንደ ሜዲኬር ባሉ የመንግሥት መድኖች ሥር ላሉ ሰዎች አሠራሩ የተለየ ነው። ፋርማሲህ ሳትጠይቅ ላይነግርህ ስለሚችል፣ መድኃኒቱ የማን ምርት እንደሆነ አይተህ ጠይቅ።

ጥያቄ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ጠርሙሶቹን አየሁ፤ ሁለቱም ዳይፈንሃይድራሚን አላቸው፤ ግፊቱም ኢናላፕሪል ነው። ቀጠሮ ይዘናል። እናቴ ለአዲስ ዓመት አገር ቤት መሄድ ስለሚፈልጉ ምን እንዘጋጅ?

መልስ፤ ከአሌክሳንድሪያ

ኢናላፕሪሉን ለሐኪሙ ገና ከቀጠሮው በፊት ስልክ ደውለሽ ንገሪው። ለጉዞው ከሁለት ሳምንት በፊት ፋርማሲውን የሦስት ወር መድኃኒት እንዲሞላላቸው ጠይቂ፤ ኢንሹራንሱ ጊዜው ገና ነው ካለ፣ ለጉዞ የሚሰጥ ፈቃድ እንዳለ ፋርማሲስቱ ራሱ ደውሎ ያጣራል። ሳልቡታሞሉም ሆነ በየቀኑ የሚሳብ ከታዘዘላቸው እርሱም፣ ስፔሰሩም በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ፣ የእናትሽ ስም ከተለጠፈበት ካርቶን ጋር ይያዙ። ከመነሣታቸው በፊት በኢንሄለሩ ጀርባ ያለውን የቀሪ ፓፍ ቁጥር ተመልከቺ፤ ዜሮ ከደረሰ በኋላም መንፋቱን ስለማያቆም ብዙ ሰው መድኃኒት የሌለውን አየር እየሳበ ይከርማል።