«ጋኑን አሟሽተሽ ጠንስሺ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባለዝክሯ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ቤቴ ጠላ ልጠምቅ ነው። አክስቴ አሠራሩን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። አንድ መስመር ላይ ግን ተያዝኩ። «ጋኑን አሟሽተሽ፣ በግራዋ አጥበሽ፣ በወይራ አጥነሽ ጠንስሺ» ይላል። ማጠቡም ማጠኑም ገብቶኛል። ማሟሸት የማውቀው ግን ዘፋኝ ጉሮሮውን ሲያሟሽ ነው። ጋን እንዴት ይሟሻል? ደግሞ የሸክላ ጋን ልግዛ ወይስ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል? በርሜልስ ይሟሻል?

የጠላ ቤት ልጅ፦ እህቴ፣ አዲስ ሸክላ ጥሬ የአፈር ሽታ አለው። እናቴ ውኃ ሞልታ ታሳድረዋለች። ከዚያ አተላ ወይም ቅራሪ ጨምራበት ጥቂት ቀን ትተወዋለች። ሸክላው ይጠጣል፣ ሽታውን ይለቃል። እሱ ነው ማሟሸት። ስትገዢ በጣትሽ ኳ አድርጊው። ድምፁ ጥርት ያለ ካልሆነ ስንጥቅ አለበት። ውኃ ሞልተሽም እይው። ትንሽ ወዙ ቢወጣ ምንም አይደል፣ ካንጠባጠበ ግን ተዪው።

ሥነ ልሳን፦ ጥሩ መልስ ነው። ሥሩን ካየነው ግን «አሟሸ» ከ«ሟሸሸ» ጋር ዘመድ ይመስለኛል። ሟሸሸ ማለት ላላ፣ ፈረሰ ነው። ስለዚህ አሟሸ ማለት አላላ፣ አለሰለሰ ይሆናል። ጉሮሮም ምጣድም ጋንም ይለሰልሳሉ።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ የፊደል መመሳሰል ዝምድና አይሆንም። ሸክላ ቢሟሽሽማ ጠላው መሬት ላይ ነው! ይልቅ ከመስመሩ ውስጥ ግዕዝ የሚፈልገው ቃል ሌላ ነው። «ጠንስሺ» የሚለውን ማንም አላየውም። ጥንስስ ፅንስ ነው። ኢሳይያስ «ናሁ ድንግል ትፀንስ» ሲል የሰማችሁት ግስ ነው። ፀ ወደ ጠ ዞረ፤ ሰ ተደገመች። ጌሾው ከውኃና ከብቅል ጋር ሆኖ ሕይወት ሲጀምር ጠላው ተፀነሰ ማለት ነው።

ሥነ ልሳን፦ መሪጌታ፣ ይቅርታዎንና፣ እኔን በመመሳሰል ከሰሱኝ፤ እርስዎም ያደረጉት ያንኑ አይደለም?

መሪጌታ፦ አይደለም። ጸሎት «ጠሎት»፣ ፀሐይ «ጠሐይ» ሲባል ሰምተሃል። መንገዱ የታወቀ ነው። ትርጉሙም ይመሰክራል። «ሴራ ጠነሰሰ» እንላለን። መዝሙር 7 ላይም ክፉ ሰው ክፋት ይፀንሳል፣ ይወልዳል። አንተስ ለ«ሟሸሸ» ምን ምስክር አለህ?

ድጓ ተማሪ፦ የመሪጌታን እደግፋለሁ። ብቅልም እኮ በግዕዙ «በቈለ» ላይ የቆመ ነው፤ ቡቃያ። ገብሱ ይበቅላል፣ ጠላው ይፀነሳል። የጠላ ቃላት ሁሉ የሕይወት ቃላት ናቸው።

ባለዝክሯ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። በርሜሉስ?

የጠላ ቤት ልጅ፦ በርሜል አይታጠንም፣ ፕላስቲክ ነው። ያንን የወይራ መዓዛ ታጪያለሽ። ለእኔ ጠላ ያለ ጭስ ግማሽ ጠላ ነው። የግድ ከሆነ ምግብ የተያዘበትን ብቻ ግዢ። የኬሚካል በርሜል በምንም ቢታጠብ እንዳትነኪው። ውስጡ የተቧጨረም አይሁን፣ ጭረት ውስጥ የሚያኮመጥጥ ነገር ይቀመጣል። ክዳኑን ጥርቅም አታድርጊ፣ ሲፈላ ጋዝ ይወጣዋል። አሉሚኒየም ድስት ውስጥም አታሳድሪ፣ ኮምጣጣው ይበላዋል።

ድጓ ተማሪ፦ በርሜሉን «ጋን» ማለት ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄም አለ። ጋን የግድ ሸክላ ነው የምትሉ፣ ዮሐንስ ምዕራፍ 2ን አንብቡ። በቃና «ስድስት የድንጋይ ጋኖች» ተቀምጠው ነበር ይላል። ጋን የሚያሰኘው ግዝፈቱና ሥራው ነው።

የጠላ ቤት ልጅ፦ ወንድሜ፣ «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» የተባለው ለዚህ ነው። ድንጋይ ይሁን፣ እሺ። ፕላስቲክ ግን ለእኔ ጋን አይሆንም።

ሥነ ልሳን፦ ወደ ማሟሸት ልመለስ። የአክስትየው መስመር ራሱ ይመሰክራል። ማሟሸት፣ ማጠብ፣ ማጠን ሦስት ሥራ ናቸው። ስለዚህ ማሟሸት ማጽዳት አይደለም። አዲስ ዕቃን ለመጀመሪያ ሥራው ማብቃት ነው። የሚሟሸውም የሚመጥ ነገር ብቻ ነው። በርሜል ስለማይመጥ አይሟሽም፣ ይታጠባል እንጂ።

ድጓ ተማሪ፦ ጉሮሮስ የሚመጥ ነገር ነው?

ሥነ ልሳን፦ ጉሮሮ በዘይቤ ነው።

እትዬ ምጣድ፦ ልጆቼ፣ እንጀራ የጋገረ ሰው ከመሃላችሁ ጠፋ እንዴ? ምጣድ አዲስ ሲሆን ብቻ አይደለም የሚሟሸው። በጎመን ዘር የማሸው አዲሱን ነው። ግን ሁልጊዜ ስጋግር መጀመሪያ ትንሽ ሊጥ አፍስሼ ሙቀቱን አያለሁ። እሷም ማሟሻ ናት። «የምጣድ ማሟሻ አደረጉኝ» የሚል ሰው አዲስ ምጣድ ላይ ተጋገርኩ ማለቱ አይደለም። የፊተኛው ሆኜ ተሞከርብኝ ማለቱ ነው።

ሥነ ልሳን፦ እትዬ፣ ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው። እንግዲያው ማሟሸት የዕቃው አዲስነት ሳይሆን የሥራው መጀመሪያነት ነው። ዘፋኙም ሁልጊዜ ያሟሻል፣ ጉሮሮው ግን አሮጌ ነው።

የጠላ ቤት ልጅ፦ ጋን ላይ ግን አይሠራም። የከረመ ጋን ይታጠባል፣ ይታጠናል፤ በየጥንስሱ አይሟሽም። እናቴ አንድም ቀን አላለችውም።

እትዬ ምጣድ፦ በእኛ አገር ይባላል። ዓመት ተከድኖ የቆመ ጋን ውኃ ሳያድርበት አይጠነሰስበትም፤ እሱንም «አሟሺው» ነው የምንለው።

መሪጌታ፦ የከረመውማ «ይታደሳል» እንጂ «ይሟሻል» አይባልም።

እትዬ ምጣድ፦ መሪጌታ፣ እርስዎ ጠላውን ነው የሚያውቁት፣ ጋኑን የማውቀው እኔ ነኝ። ይሟሻል።