ባሮ ሽንኩርት ከዘር ለማብቀል ሁለቴ ሞክሬ አልያዘልኝም

የሱሉልታዋ፦

ሰላም ናችሁ? የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከቤታችን ጀርባ 4 በ6 የምትሆን ጓሮ አለችኝ። ጎመኑም፣ ቆስጣውም፣ ካሮቱም በደንብ ይይዝልኛል። ባሮ ግን እምቢ አለኝ። ለሾርባም ለአልጫም ከቤቴ አይጠፋም፣ የጾም ሰሞንማ በየሁለት ቀኑ ነው የምገዛው። ገበያ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛው ቅጠል ነው፣ ነጩ ከጣቴ አይረዝምም።

አምና ግንቦት ላይ ዘር ገዛሁ። ሻጩ ከተከፈተ ቆርቆሮ በማንኪያ ሰፍሮ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። መደቡ ላይ እንዲሁ በተንኩት። 20 ቀን ጠብቄ 6 ችግኝ ብቻ ወጣ፣ እነሱንም የሐምሌ ዝናብ አበሰበሳቸው። ጥቅምት ላይ በተረፈው ዘር ደገምኩ። ያኔ እንኳን ይውጣ አይውጣ አላወቅኩም፣ ምክንያቱም የምታግዘኝ ልጅ መደቡን ሣር ወረሰው ብላ ሙልጭ አድርጋ አርማው ደረስኩ። አልተቆጣኋትም። እኔም ብሆን አልለየውም ነበር።

አሁን ጥር ነው፣ ዘንድሮ እንዲሳካልኝ በጣም እፈልጋለሁ። ችግሩ ዘሩ ነው ወይስ አፈሩ? አፈራችን ጥቁር ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ነጩን የሚያስረዝመውስ ምንድን ነው?

የኮልፌ ጓሮ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ዘሩን ጠርጥሪ። የሽንኩርት ዘመዶች ዘር ቶሎ ነው የሚሞተው። የጎመን ዘር 4 ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ የባሮ ግን 1 ወይም 2 ዓመት ነው፣ ያውም ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ። ክፍት ቆርቆሮ ውስጥ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት የከረመ ዘር ባይበቅል አይገርምም። የታሸገ ፓኬት ግዢ። የታሸገበትንና የሚያበቃበትን ቀን ሳታዪ ብር እንዳትከፍዪ።

ከመዝራትሽ በፊት ደግሞ ሞክሪው። 20 ፍሬ ቆጥረሽ እርጥብ ሶፍት ላይ ደርድሪ፣ አጥፈሽ ፌስታል ውስጥ ክተቺና ብርድ የማያገኘው ቦታ፣ ለምሳሌ ኩሽና አስቀምጪው። ሶፍቱ እንዳይደርቅ በየቀኑ እዪው። በ10 ቀን፣ ቢበዛ በ2 ሳምንት 14 ወይም 15 ከበቀለ ጥሩ ነው። ከግማሽ በታች ከሆነ አትድከሚ፣ ቀይሪው።

ስለ አረሙ እኔም አንድ ዓመት ሙሉ መደብ ነቅዬ ጥያለሁ፣ ስለዚህ አሁን በደንብ ነው የማየው። ባሮ እንደ ጎመን ሁለት ቅጠል ዘርግቶ አይወጣም። አንዲት ክር የመሰለች አረንጓዴ ነገር እንደ ጉልበት ታጥፋ ከአፈር ብቅ ትላለች። ቀስ እያለች ቀና ስትል ጫፏ ላይ ጥቁሯን የዘር ቅርፊት ተሸክማ ታያታለሽ። ሣር እንዲህ ታጥፎ አይወጣም። ቅርፊቷ ከወደቀች በኋላ ግን በዓይን መለየት ይከብዳል፣ ቆንጠር አድርገሽ ብታሸቺ ሽንኩርት ሽንኩርት ትላለች። ከሁሉ የሚሻለው መበተኑን ትተሽ በመስመር መዝራት ነው። በመስመሩ ጫፍና ጫፍ እንጨት ትከዪ። ለምታግዝሽ ልጅም አሳዪያት፣ ከመስመሩ ውጪ ያለውን ብቻ ትረም።

አባ ጓሮ፦

ልጄ፣ ስለ ዘሩ የተባለው ልክ ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ውሎዬ ጓሮ ነው፣ ስለ አተካከሉ ልንገርሽ። ነጩ ነጭ የሚሆነው ፀሐይ ስላላገኘው ነው። ረዘም የሚል ዝርያ አለ፣ ግን ጥሩውን ዝርያ ላይ ላዩን ብትተክዪው እሱም አጭር ነው የሚሆነው።

ችግኙን ለብቻው አፍዪው። ዘሩ 1 ሳንቲሜትር ያህል ይቀበር፣ ከዚያ አይለፍ። ላዩን ደረቅ ሣር አልብሺና ብቅ ሲል አንሺለት። ውሃ በወንፊት ማጠጫ፣ ጠዋት ጠዋት። ከዚያ የእርሳስ ውፍረት እስኪደርስ አትንኪው። የእናንተ አገር ብርድ ስለሆነ 2 ወር ተኩል፣ ምናልባትም 3 ወር ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው፣ ገና እንደ ክር ሳለ ይነቅልና ይተክለዋል፣ እሱም እዚያው ይቀራል።

ጥቁር አፈር ላይ መደቡን ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጊው፣ ዙሪያውንም ቦይ ቅደጂለት። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዪበት፣ ባሮ ሲበዛ በላተኛ ነው። ከዚያ የመጥረጊያ እንጨት ውሰጂና ከጫፉ 15 ሳንቲሜትር ላይ ክር እሰሪበት። እስከ ክሩ ድረስ መሬቱን ውጊና ወዲያ ወዲህ አወዛውዘሽ አውጪው። በየቀዳዳው አንድ ችግኝ ጣል ታደርጊያለሽ። አደራ፣ አፈር አትመልሺበት! ቀዳዳውን ውሃ ብቻ ሙዪው። ውሃው ትንሽ አፈር ይዞ ይወርድና ሥሩን ያስይዘዋል፣ የቀረው እየቆየ ራሱ ይሞላል። ችግኙ ጉድጓድ ውስጥ ሰምጦ ጫፉ ብቻ ሲታይ የሞተ ይመስላል። አትደንግጪ፣ በ2 ሳምንት ቀና ይላል። በችግኝና በችግኝ መሃል 15፣ በመስመርና በመስመር መሃል 30 ሳንቲሜትር ይበቃዋል።

እያደገ ሲሄድ በየጊዜው አፈር አስታቅፊው፣ ግን ቅጠሉ ከሚለያይበት በታች ቁሚ። ከዚያ ካለፍሽ አፈሩ በቅጠሎቹ መሃል ይገባና ሾርባው ውስጥ ጥርስሽ ላይ ይንኮሻኮሻል።

የካቲት መግቢያ ላይ ብታፈዪው ሚያዝያ መጨረሻ ትተክያለሽ፣ ከባዱ ዝናብ ሳይመጣ ሥር ይይዛል። ከመስከረም ጀምሮ እየነቀልሽ ትበያለሽ። ሁሉንም ባንዴ መንቀል የለብሽም። የኅዳር ውርጭ ቲማቲሙንና ድንቹን ሲያቃጥለው ባሮ ችሎ ይቆማል።

ሜሪላንድ ያለሁት፦

አባባ የጻፉት የመጥረጊያ እንጨት እኔም ጋ ይሠራል፣ እዚህ ቀዝቃዛ አገር ሆኜ ከአምስት ዓመት በላይ ተክያለሁ። እኔ ዘሩን ቤት ውስጥ አምፖል ሥር ነው የማበቅለው፣ ውጪ የሚወጣው ሚያዝያ ላይ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ የሚመጣ የቀይ ሽንኩርት ዘር ኢትዮጵያ ውስጥ ቅጠል ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ዝርያ ራስ የሚቋጥረው የበጋው ቀን ሲረዝም ነው፣ አገር ቤት ደግሞ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ባሮ ግን ራስ ስለማይቋጥር ይህ አያሳስብሽ።

ችግኝ ለማፍላት የተቆረጠ ጄሪካን ይበቃሻል፣ ታቹን ብሺው። ለመንቀል ሲደርስ ከነአፈሩ ውሃ ባልዲ ውስጥ ንከሪው፣ ሥሮቹ ሳይበጠሱ ይለያያሉ። እኔ ሲተከል የቅጠሉን ጫፍ በመቀስ እቆርጠዋለሁ፣ መሬት ላይ እየተጎተተ እንዳይበሰብስ።

ደረቁ ወቅት ላይ ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ካየሽ ትሪፕስ የሚባለው ተባይ ነው። ቅጠሉ ከግንዱ በሚለይበት ስርጉድ ቦታ ውስጥ እዪ፣ ደቃቅ ቢጫ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። በኃይለኛ ውሃ እጠቢው። መሃሉ ላይ ድንገት ጠንካራ የአበባ ዘንግ ካወጣ ደግሞ አትጠብቂው፣ ውስጡ እንደ እንጨት ሳይጠነክር ነቅለሽ ብዪው።

አባ ጓሮ፦

ቅጠል መቁረጡን እኔ አልወደውም። ሞክሬው ያልቆረጥኩት ነው ቀድሞ ያደገልኝ። የታመመውንና የተሰበረውን ብቻ ቁረጪ።

የሱሉልታዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ! አባባ፣ እርስዎ ያሉትን የመጥረጊያ እንጨት ከወዲሁ ክር አስሬ አስቀምጫለሁ። የሶፍቱን ሙከራ ሁለቱንም ዘር ጎን ለጎን አድርጌ ሠራሁት። በ12 ቀን ከአሮጌው 20 ፍሬ 1 ብቻ በቀለ፣ ከታሸገው ፓኬት 17። አሮጌውን ጣልኩት። አዲሱን በጄሪካን በ4 መስመር ዘርቼ ማታ ማታ ቤት አስገባዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ሣሩን ገለጥ ሳደርግ 3 ወጥተዋል፣ ልክ እንደተባለው ታጥፈው። ልጅቷንም ጠርቼ አሳየኋት፣ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ሣሩን ዛሬውኑ ላንሳ ወይስ ሌሎቹም እስኪወጡ ልጠብቅ?

የኮልፌ ጓሮ፦

ዛሬውኑ አንሺ። ጥላ ሥር ከቆዩ ይቀጥናሉ። ዶሮ ካለሽ ግን መረብ ወይም እሾህ ነገር ሳትሸፍኚበት ውጪ እንዳትተዪው።