የጊታሬ የማንጠልጠያ ቪቴ ተነቅሎ ወጣ፣ ቅዳሜ ሰርግ አለ፤ ልጠግነው ወይስ ልሽጠው?

ሊድ ከማርቆስ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ልምምድ ላይ ሆነን ከታች ያለው የስትራፕ (የትከሻ ቀበቶው) ማንጠልጠያ ከነቪቴው ተነቅሎ ወጣ። ጊታሩ መሬት ሳይደርስ በጉልበቴ ያዝኩት። ቪቴውን መልሼ ሳስገባው ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ቡናማ የእንጨት ብናኝም እየወጣ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ሰርግ አለብን። ጊታሩ ደግሞ በጣም ከባድ ነው፣ ትከሻዬን ጨርሶታል። አንድ ሰው ነገ ጠዋት ልውሰደው ብሎኛል፤ ቀለል ያለ ጊታርና ትንሽ ብር ጨምሮ ይሰጠኛል። ግን እወደዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ነው ከአሜሪካ ያመጣልኝ፣ ድምፁንም በሌላ ጊታር አላገኘሁትም። ምን ላድርግ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ድራመር ከደጀን፦
እንኳን አልተሰበረ! እኔማ የምሸከመው ነገር ሚኒባስ ካልመጣ አይንቀሳቀስም፣ ስለ ክብደት ከእኔ ጋር አትከራከሪ 😄። ቆይ ግን፣ እኔም ኪቦርዲስቱም ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠን ነው የምንጫወተው፣ ማንም ምንም ብሎን አያውቅም። አንቺስ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ብትቀመጪ ምን ችግር አለው?

ኮላና ካቻቪቴ፦
እህት ዓለም፣ ተረጋጊ። ይሄ የአንድ ማታ ሥራ ነው። ስቴኪኒ ውሰጂ፣ ነጩን የአናጺ ኮላ ቀቢውና ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ እስኪደፈን ጠቅጥቂው። ሱፐር ግሉ አትጠቀሚ፣ የጊታሩ ቀለም ላይ ከፈሰሰ አይለቅም። ትርፉን በምላጭ እኩል ቁረጪ። ዛሬ ማታ ከሠራሽው እስከ ነገ ማታ ይድረቅ፣ ለማየት እንኳ አትነካኪው። ከዚያ ከቪቴው የቀጠነ ቀዳዳ አውጪና ቪቴውን ደረቅ ሳሙና ላይ አሽተሽ በእጅሽ አስገቢው። በድሪል ካጠበቅሽው እንደገና ታሰፊዋለሽ።

ጋሼ ሊድ፦
ልጄ፣ የጊታሩን ዓይነት አልነገርሽንም፤ ግን ከአሜሪካ የመጣ ከባድ ጊታር ስትዪ ሌስ ፖል ይመስለኛል። ከሆነ እኔ አልሸጥም። የጊታር ፋብሪካው ጊብሰን ይህን ጊታር ያወጣው በፈረንጆች 1952 ነው። አካሉ ወፍራም ማሆጋኒ ነው፣ ፊቱ ላይ ሜፕል ይለጠፍበታል፤ ሁለቱም ባዶ ቦታ የሌላቸው ደረቅ እንጨቶች ስለሆኑ ከ4 ኪሎ በላይ መመዘኑ የተለመደ ነው፣ ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋም አለ። ፋብሪካው ራሱ ነገሩ ስለከበደ በ1982 ገደማ ከፊቱ ሥር ያለውን እንጨት እየሰረሰረ ማቅለል ጀመረ፣ በ2006 ደግሞ ውስጣቸው ሰፋ ብሎ የተፈለፈለ ሠራ። ያንቺ ያልተፈለፈለው ከሆነ ትዝታ ስትጫወቺ አንዷን ኖታ ጎትተሽ ስታቆያት የምትሰሚውን ታውቂዋለሽ። ያንን ድምፅ ለትንሽ ብር አትስጪ።

ስትራት ባሕር ዳር፦
ጋሼን አከብራለሁ፣ ግን ኖታ የሚረዝመው በክብደት ነው የሚለው ነገር አያሳምነኝም። ፒካፑ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው)፣ አምፑ (ድምፅ ማጉያው)፣ የክሩ ዓይነት፣ የተጫዋቹ ጣት፣ ይሄ ሁሉ ከእንጨቱ ኪሎ በፊት ይመጣል። እኔ 3 ኪሎ ተኩል በሚሆን ስትራቶካስተር ሰርግ እጫወታለሁ፣ አምባሰሉም አንቺሆዬውም ያምርልኛል። ወንድም ሰጠኝ ማለት ትከሻ አያድንም። ደግሞስ እውነተኛ ጊብሰን ነው? የክሩ ማጥበቂያዎች ካሉበት ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ክዳን እዪ። ጊብሰን ላይ በሁለት ቪቴ ነው የምትያዘው፣ ተመሳስሎ የተሠራው ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ነው። እሱን ሳታውቂ ስለ ዋጋ ማውራት አይቻልም።

ሊድ ከማርቆስ፦
ሌስ ፖል ነው፣ ይቅርታ ሳልጽፈው። አሁን አየሁት፣ ሁለት ቪቴ ነው። ከኋላ ቁጥሩም እንጨቱ ላይ ታትሟል። ሰርጉ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያቆሙን ታውቃላችሁ፣ የጎጃም ጭፈራ ከተነሳ ማን ይቀመጣል?

የቡሬ ልጅ፦
አንድ ጎበዝ አናጺ ከኋላ ከፍቶ ውስጡን ቢፈለፍለውስ? ፋብሪካው ያደርገዋል እያላችሁ አይደል?

ኮላና ካቻቪቴ፦
በፍጹም! ፋብሪካው የሚሰረስረው የፊቱ ሜፕል ከመለጠፉ በፊት ነው። ያለቀ ጊታር ከኋላ ከተከፈተ ቀለሙም ዋጋውም ሄደ፣ የሚቀንሰው ደግሞ ይህን ያህል አይደለም። እባካችሁ እንዲህ ዓይነት ምክር አትስጡ፣ ሰው አምኖ ይሠራዋል።

ስለ ቪቴው ልጨምር። ከታች ያለው ቪቴ የሚገባው እንጨቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው፣ ማለትም ማገዶ ስትፈልጪ መጥረቢያው እንደሚገባው። እንዲህ የገባ ቪቴ እንጨቱን አቋርጦ እንደገባው አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ ጊታርሽ አርጅቷል ወይም ተበላሽቷል ብለሽ አትደምድሚ። ከደፈንሽው በኋላ ከድሮው በትንሹ የሚረዝም ቪቴ ፈልጊ፣ ራሱ ግን በማንጠልጠያው ቀዳዳ የሚያልፍ እንዳይሆን። የላይኛውንም ዛሬውኑ ነካ ነካ አድርገሽ እዪው፣ ከላላ አብረሽ ሥሪው።

የእንጅባራ ፈረስ፦
ስቴኪኒና ኮላ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግሽም። እኔም እንደዛ ነው ያደረግሁት፣ እስካሁን ይዟል። ስትራፕሽ ግን ምን ዓይነት ነው? ቀጭኗ የናይለን ከሆነች ትከሻሽን የሚቆርጠው እሷ ናት። እዚህ እኛ ጋ ለፈረስ ዕቃ ቆዳ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ፋታ የላቸውም እንጂ በሌላ ጊዜ የፈለግሽውን ይሠሩልሻል። ስፋቱ 8 ወይም 10 ሴንቲ ይሁን፣ ውስጡ ለስላሳ ነገር ይግባበት፣ ከሥር ያለው ቆዳ ሻካራው ገጽ ይሁን፣ እንዳይንሸራተት። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች ከማንጠልጠያው እንዳይወጡ ከብስክሌት ካላማዳሪያ ክብ ቁራጭ ቁረጪና መሐሉን ቀደሽ ከላይ ድፈኝበት። ቆንጆ አድርጎ ይይዛል።

ፊዚዮ ከባሕር ዳር፦
አንድ ነገር ልጠይቅ። ሕመሙ ትከሻሽ ላይ ብቻ ነው ወይስ እጅሽንም ይደነዝዝሻል?

ሊድ ከማርቆስ፦
ግራ እጄ። ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ፣ ወደ ሌሊቱ መጨረሻ ላይ። አንዳንዴ ጠዋት ስነሳም። ከክብደቱ ነው ብዬ ነው።

ፊዚዮ ከባሕር ዳር፦
ይሄ ሌላ ነገር ነው። እነዚያን ሁለት ጣቶች የሚያገለግለው ነርቭ በክርን በውስጥ በኩል ያልፋል። ክርን ለረጅም ሰዓት ታጥፎ ሲቆይ ይጨነቃል፣ ኮርድ የሚይዝ ግራ እጅ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ታጥፎ ነው። ከአንገትም ሊመጣ ይችላል፣ ስትራፑ በሚያርፍበት ከትከሻ አጥንት ሥርም ሊሆን ይችላል። ከየት እንደሆነ በጽሑፍ አይታወቅም፣ ሐኪም እጅሽን ይዞ ማየት አለበት። እኔ የምለው ይሄን ነው፦ ችግሩ ክርንሽ ላይ ከሆነ ቀላል ጊታር ስትይዢም ጣትሽ ይደነዝዛል። ጊታሩም ሄዶ ሕመሙም ቀርቶ እንዳታለቅሺ። ቅዳሜ ካልቀረልሽ የዝግታ ዘፈኖቹ ላይ ቁጭ በይ፣ ጭፈራ ሲነሳ ተነሺ፣ በመሐል እጅሽን ዘርግተሽ አሳርፊ። ሲተኙም ክርን አጥፎ መተኛት ጥሩ አይደለም። ጣትሽ ጉልበት እያጣ ከሆነ ግን ሰርጉንም አትጠብቂ፣ ነገውኑ ታዪ።

ስትራት ባሕር ዳር፦
ይሄን አላወቅሁም ነበር፣ ፊዚዮ እናመሰግናለን። እኔም ሐሳቤን ላስተካክል፤ ነገ ጠዋት አትሽጪ። ሆኖም ክብደቱን ተመዝነሽ እወቂው። እህል ነጋዴ ጋ ያለው የተንጠለጠለ ሚዛን ይበቃል፣ ከነቦርሳው መዝኚና ቦርሳውን ቀንሺ። 4 ኪሎ የሆነ ጊታርና 5 ኪሎ የሆነ ጊታር አንድ አይደሉም። ሌላም አለ፣ የሚሰጥሽን ጊታር አይተሽዋል? ስትራት ዓይነት ከሆነ ከድልድዩ እስከ ላይኛው የክር መቀመጫ 64.8 ሴንቲ ነው፣ ያንቺ 62.8 ገደማ ነው። ሁለት ሴንቲ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ክሩ ይጠብቃል፣ ስትጎትቺው ይሰማሻል። ለታመመ እጅ ይሄ አይረዳም።

ቤዝ ከሞጣ፦
ፒካፑንም አስቢበት። ያንቺ ሃምባከር ነው፣ ሁለቱ ጥቅል ሽቦዎች የሚይዙት ያ እዝዝዝ የሚለው ድምፅ እርስ በርስ ይጠፋፋል። አዳራሹ ውስጥ ያን ሁሉ መብራት ሰቅለው፣ ከውጭ ጄኔሬተር እያጓራ፣ ባለ አንድ ጥቅል ጊታር ይዘሽ ስትገቢ ዘፈን በቆመ ቁጥር የምትሰሚው እሱን ነው። ቀላልና ሃምባከር ያለው ከፈለግሽ በፈረንጆች 1961 የወጣው የጊብሰን ኤስ ጂ ቅርጽ አለ፣ ቀጭን ነው። ነገር ግን የአንገቱ ጫፍ ወደ መሬት ይጎትታል፣ ግራ እጅሽ አንገቱን ሲደግፍ ያድራል።

ጋሼ ሊድ፦
እኔም ያልኩት እሱን ነው፣ አትሽጪው። ወንድምሽ ይህን ሁሉ መንገድ ተሸክሞ ያመጣልሽ እንድትጫወቺበት ነው። መድረክ ላይ ከከበደሽ ለቀረጻ ይቆይልሽ፣ ለሰርግ ሌላ ተዋሺ። ግን ጤናሽን አስቀድሚ ልጄ።

ሊድ ከማርቆስ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስቴኪኒውን ጠቅጥቄዋለሁ፣ አሥራ ምናምን ገባበት፣ የላይኛውም ላልቶ ነበር። ለሰውየው ነገ እንዳይመጣ ደውዬለታለሁ፣ ከሰኞ በኋላ እንነጋገር አልኩት፣ ደስ አላለውም። ሰኞ ሪፈራል ሆስፒታል እሄዳለሁ። ወንበር የዲጄው ቤት አለ፣ እለምነዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቪቴውን አስገብቼ እጽፍላችኋለሁ።

ድራመር ከደጀን፦
ወንበሩ የእኔ ሐሳብ ነው፣ እንዳይረሳ 😄። መልካም ሰርግ።

የእንጅባራ ፈረስ፦
እህቴ ያዘ? ሰርጉስ እንዴት ነበር? የቆዳውን ሰው ጠይቄልሻለሁ፣ ይሠራል፣ የትከሻሽን ርዝመት ላኪልኝ።

የቡሬ ልጅ፦
እሷ እስክትመጣ እኔ ልጠይቅ። ቤዜን ስለቀው የአንገቱ ጫፍ ይወርዳል፣ ቪቴው ግን ደህና ነው። እኔም ስቴኪኒ ላድርግ?

ቤዝ ከሞጣ፦
አይ፣ ያንተ ሌላ ነው። ስቴኪኒው የሰፋ ቀዳዳ ነው የሚያድነው። አንተ ሰፊ ስትራፕ አድርግ፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ሻካራ ቆዳ ይሁን። እሱ ካልያዘው የላይኛው ማንጠልጠያ የት ቦታ እንዳለ ፎቶ አንስተህ ላክ፣ ከዚያ እናያለን።