ሥራው እስከተሠራ ድረስ ሠራተኛው ያለበት አገር አሠሪውን ያገባዋል? — ክርክር

አወያይ፦
የመከራከሪያው ሐሳብ ይህ ነው፦ «በርቀት መሥራት የተፈቀደለት ተቀጣሪ ሥራውን በሰዓቱ እስካስረከበ ድረስ ከየትኛውም አገር ሆኖ ቢሠራ አሠሪው ሊከለክለው አይገባም።» የምንነጋገረው ስለ ደሞዝተኛው ነው፤ የራሱን ደንበኞች ይዞ የሚዞረው ፍሪላንሰር ነገሩ ሌላ ስለሆነ ለጊዜው እንተወው። የምትደግፉም የምትቃወሙም አንቀጹን፣ ቁጥሩንና አሠራሩን ይዛችሁ ግቡ።

ዘላኑ፦
እደግፋለሁ። አሠሪ የሚገዛው ውጤት ነው። ኮድ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚያስታርቅ፣ ጽሑፍ የሚያርም ሰው የት እንደተቀመጠ ሥራው ላይ አይታይም። «ግብር ያመጣብናል» የሚለው ስጋትም የተጋነነ ነው፤ ከ183 ቀን በታች የቆየ ሰው እዚያ አገር ግብር አይጠየቅም። መንግሥታትም በሩን ከፍተዋል፤ ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 የዲጂታል ዘላን (በርቀት እየሠራ ከአገር አገር ለሚዞር ሰው የሚሰጥ) ቪዛ ጀመረች፣ ክሮኤሺያ በ2021፣ ስፔን በ2023፣ ጃፓን በ2024 ተከተሉ። አገሩ «ና» እያለ አሠሪው «አትሂድ» የሚለው ለምንድን ነው? እያንዳንዱን ጥያቄ ከመመርመር ሁሉንም መከልከል ስለሚቀል ነው።

የደሞዝ ሒሳብ፦
183 ቀን ሲጠቀስ ሁልጊዜ ግማሹ እየተቆረጠ ነው። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) ሞዴል ስምምነት፣ ማለትም አገሮች ድርብ ግብር ለማስቀረት የሚዋዋሉበት ናሙና፣ በአንቀጽ 15 ያስቀመጠው ሦስት ቅድመ ሁኔታ ነው። አንደኛ፣ ሠራተኛው በየትኛውም የ12 ወር ጊዜ ውስጥ እዚያ አገር ከ183 ቀን ያልበለጠ መቆየት አለበት። ሁለተኛ፣ ደሞዙን የሚከፍለው አሠሪ የዚያ አገር ነዋሪ መሆን የለበትም። ሦስተኛ፣ ደሞዙ አሠሪው እዚያ ባለው ቋሚ ድርጅት (ኩባንያውን በዚያ አገር ግብር ከፋይ በሚያደርገው የሥራ ቦታ ወይም ወኪል) ወጪ ሆኖ መያዝ የለበትም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግብሩ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ሊጠየቅ ይችላል። ኩባንያው እዚያ ቅርንጫፍ ካለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ወዲያው ጥያቄ ውስጥ ይገባሉ።

በሁለቱ አገሮች መካከል ስምምነት ከሌለ ደግሞ ይህ ከለላ ጭራሹን የለም፤ የሚሠራው የአገሩ የራሱ ሕግ ብቻ ነው። ቆጠራውም ያሳስታል። የሚቆጠረው የሥራ ቀን ብቻ አይደለም፤ የመጣበትም የሄደበትም ቀን፣ ቅዳሜና እሑዱም፣ እዚያው ያሳለፈው የዕረፍት ጊዜም ይገባል። የድሮ ስምምነቶች ብዙዎቹ የሚቆጥሩት በበጀት ዓመት ሲሆን አዲሶቹ በተንቀሳቃሽ 12 ወር ነው። ስለዚህ «ጃንዋሪ ገባ፣ ቆጠራው ከዜሮ ጀመረ» የሚል ሰው አንዱ ስምምነት ላይ ትክክል ሆኖ ሌላው ላይ ይሳሳታል።

ከግብሩ የባሰው ግን ማኅበራዊ ዋስትናው ነው። መዋጮ በመርህ የሚከፈለው ሥራው በአካል በሚሠራበት አገር ሲሆን 183 ቀን የሚባል ነገር አያውቅም። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለጊዜው ወደ ሌላ አባል አገር የተላከ ሠራተኛ ኤ1 የሚባል ማረጋገጫ ይዞ እስከ 24 ወር በላኪው አገር መዋጮ ሊቀጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2023 ጀምሮ የሚሠራው የርቀት ሥራ ስምምነት ደግሞ ከሥራ ሰዓቱ ከግማሽ በታች የሚሆነውን ከመኖሪያ አገሩ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ነው። በየወሩ አገር ለሚቀያይር ተጓዥ አልተሠራም። አሠሪው የሠራተኛው አድራሻ ካልተነገረው ይህን ሁሉ በምን ያውቃል?

ዘላኑ፦
የሦስቱን ቅድመ ሁኔታ ነገር እቀበላለሁ፤ «አይጠየቅም» ማለቴ ልክ አልነበረም። ነገር ግን አሠሪዎች በዋነኝነት የሚያስፈራሩበት የቋሚ ድርጅት ጣጣ ነው፤ «አንተ እዚያ ስለተቀመጥክ ኩባንያው የትርፍ ግብር ሊጣልበት ነው» ይሉናል። ኦኢሲዲ እ.ኤ.አ. በ2025 የሞዴል ስምምነቱን ማብራሪያ ሲያሻሽል ይህን ስጋት በእጅጉ አቅልሎታል። ሠራተኛው በ12 ወር ውስጥ እዚያ አገር የሠራው ከጠቅላላ የሥራ ሰዓቱ ከግማሽ በታች ከሆነ የተቀመጠበት ቤት በአጠቃላይ የኩባንያው ቋሚ የሥራ ቦታ ተደርጎ አይወሰድም። ከግማሽ ቢያልፍ እንኳ የሚታየው ሰውየው እዚያ መሆኑ ለኩባንያው ንግድ የሚያስፈልግበት ምክንያት መኖር አለመኖሩ ነው።

የደሞዝ ሒሳብ፦
እውነት ነው፤ ግን የሚናገረው ስለ ቤቱ ብቻ ነው። ኩባንያውን ወክሎ በተደጋጋሚ ውል የሚዋዋል ወይም ውሉ እንዲፈረም ዋናውን ድርሻ የሚይዝ ሰው በሌላ በር ይገባል፤ ለእሱ ይህ የግማሽ መለኪያ አይሠራም። ስለዚህ ለፕሮግራመር የሚፈቀድ ነገር ለሽያጭ ኃላፊ ላይፈቀድ ይችላል። ሞዴሉና ማብራሪያው ደግሞ እያንዳንዱን አገር በራሳቸው አያስገድዱም።

ሕግ አንባቢ፦
ሁለታችሁም ቪዛን ከግብር ጋር እያቀላቀላችሁት ነው። የመግቢያ ፈቃድ፣ ግብርና ማኅበራዊ ዋስትና ሦስት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ናቸው፤ የአንዱ «እሺ» ሌላውን አያስርም። በጣም ግልጽ የሆነው ምሳሌ ታይላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣችው ዲቲቪ የተባለው ቪዛ አምስት ዓመት ያገለግላል፣ በአንድ መግቢያ 180 ቀን ያስቆያል። በግብር ሕጓ ደግሞ በዓመት 180 ቀንና ከዚያ በላይ የቆየ ሰው የግብር ነዋሪ ነው፤ ከውጭ ያገኘውን ገቢ ወደ አገር ውስጥ ካስገባ ሊታሰብበት ይችላል። ቪዛው የፈቀደለትን ቀን በአንድ ዓመት ውስጥ ሙሉ የተጠቀመ ሰው የግብሩ መስመር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ክሮኤሺያ በአንጻሩ በዲጂታል ዘላን ፈቃድ የገባን ሰው የርቀት ሥራ ገቢ ከገቢ ግብር ነጻ አድርጋለች። ስፔን ከአሠሪው ጋር ቢያንስ ሦስት ወር መሥራትን፣ ድርጅቱም ቢያንስ አንድ ዓመት የቆየ መሆኑን ትጠይቃለች፤ የማኅበራዊ ዋስትናውም ነገር በወረቀት መታየት አለበት። ይህ ሁሉ የአሠሪ ደብዳቤ ይፈልጋል። ስለዚህ «አሠሪውን አያገባውም» የሚለው ክርክር እነዚህ ቪዛዎች ፊት ሲቀርብ ይወድቃል፤ ያለ አሠሪው ፊርማ አይሰጡማ።

በቱሪስት ቪዛ መሥራትን በተመለከተ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ጀምሮ ጎብኚ ውጭ አገር ላለ አሠሪው በርቀት እንዲሠራ ፈቅዳለች፤ የመምጣቱ ዋና ምክንያት ሥራው መሆን ግን የለበትም። ኒውዚላንድም በጃንዋሪ 2025 ፈቅዳለች። ብዙ አገሮች ግን ሕጋቸው ዝም ያለ ነው። ሕጉ ዝም ሲል ተጓዡ እንደ ፈቃድ ይቆጥረዋል፤ ድንበር ላይ ያለው መኮንን እንዲሁ ላይቆጥረው ይችላል። በሸንገን (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ባስቀሩት የአውሮፓ አገሮች) ደግሞ ጎብኚ የሚቆየው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፣ የመግቢያውም የመውጫውም ቀን ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 በጣት አሻራና በፊት ምስል የሚመዘግበው ሥርዓት ሥራ ስለጀመረ «ማኅተሙ ደብዝዟል» ማለት ያበቃለት ነገር ነው።

ዘላኑ፦
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ፓስፖርቱ ብዙ ቦታ በቪዛ ብቻ የሚያስገባው ሰው ላይ ይህ ሁሉ በእጥፍ ይከብዳል። አሠሪው «ደብዳቤ አንጽፍም» ሲል የሚዘጋው የእነሱ መንገድ ነው፤ ያለ ቪዛ የሚገባው ባልደረባቸው በጎብኚነት ገብቶ ዝም ብሎ ይሠራል። ሰዎች ያሉበትን የሚደብቁትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ቁልፍ ጠባቂ፦
መደበቁ የት እንደሚያደርስ ግን በግልጽ ይነገር። የተለመደው ዘዴ ቤት ራውተር ትቶ ሄዶ ከተጓዥ ራውተር በቪፒኤን (ግንኙነቱን መስጥሮ በሌላ ቦታ በኩል በሚያሳልፍ መስመር) ወደ እሱ መግባት ነው። የአይፒ አድራሻው (የኢንተርኔት መለያ ቁጥሩ) የቤት ይመስላል። የሚያጋልጡት ሌሎች ናቸው። ላፕቶፑ በአካባቢው ያሉትን የዋይፋይ ስሞች ቃኝቶ ቦታውን ይገምታል። የኩባንያው ኢሜይል ያለበት ስልክ ከዋይፋዩ ወጥቶ በውጭ አገር ሲም ለአንድ ደቂቃ ሲገናኝ ሁለት አገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመዘገባል፣ ማስጠንቀቂያ ይነሣል። ቪፒኤኑ ሲቋረጥ ኢንተርኔቱን አብሮ የሚቆርጥ ቅንብር ከሌለ ደግሞ ላፕቶፑ በእውነተኛው አድራሻ ይወጣል። የሰሜን ኮሪያ ሠራተኞች በሌላ ሰው ማንነት ተቀጥረው አሜሪካ በተቀመጡ ላፕቶፖች በኩል ሲሠሩ ከተደረሰበት ወዲህ የደኅንነት ክፍሎች እንዲህ ዓይነቱን ምልክት እንደ ቀላል ጥፋት አያዩትም። መጀመሪያ መዳረሻውን ይዘጋሉ፣ ከዚያ ይጠይቃሉ። ንጹሑ ተጓዥ ከወንጀለኛው ጋር የሚመሳሰለው ስለደበቀ ብቻ ነው።

በዚያ ላይ የመረጃ ጥበቃው አለ። የአውሮፓን ሰዎች መረጃ ከኅብረቱ ውጭ ሆኖ መክፈት በጂዲፒአር (በኅብረቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ) የተከለከለ ዝውውር ነው።

ሕግ አንባቢ፦
እህቴ፣ የመጨረሻዋ ትታረም። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ቦርድ መመሪያ ይህንኑ ጉዳይ በምሳሌ አስቀምጦታል፤ ተቀጣሪው ለሥራ ሌላ አገር ሄዶ የራሱን ኩባንያ መረጃ በርቀት ቢከፍት እሱ የኩባንያው አካል እንጂ ሌላ ተቀባይ ስላልሆነ ዝውውር አይባልም። ኩባንያው ግን የመረጃውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታው እንዳለ ነው፤ የአገሩ ሁኔታ አደገኛ ከሆነ ሊከለክል ይችላል። «ዝውውር ነው» ብሎ ሁሉንም መከልከልና «ይህ አገር አደጋ አለው» ብሎ መከልከል የተለያዩ ናቸው።

ቁልፍ ጠባቂ፦
ልክ ነው፣ ቃሌን አስተካክላለሁ፤ የሚነሣው የደኅንነት ግዴታው ነው። ግዴታውን መወጣት ግን አስቸጋሪ አይደለም። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ይመስጠር፣ ድንበር ሲታለፍ ላፕቶፑ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ እንጂ በእንቅልፍ ሁነታ አይቆይ። ለመግቢያ ሁለት የደኅንነት ቁልፎች (ማንነት የሚያረጋግጡ ትንንሽ መሣሪያዎች) ይመዝገቡና በተለያየ ሻንጣ ይያዙ፣ የመጠባበቂያ ኮዶቹ በወረቀት ይታተሙ። በአጭር መልእክት የሚመጣ ኮድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሰው ስልኩ በጠፋ ቀን ከሥራም ከባንክም ይወጣል። ምትክ ኢ-ሲም (ያለ ካርድ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም) ለማውጣት የሚላከው ኮድ ወደዚያው ወደጠፋው ቁጥር ሊሄድ ይችላልና። ለዳታ ብቻ የሚሸጡት የጉዞ ኢ-ሲሞች ብዙዎቹ የስልክ ቁጥር የላቸውም፤ የቤቱ ሲም ዳታው ተዘግቶ መልእክት እንዲቀበል ክፍት ይሁን።

መስመር ዘርጊ፦
«የት እንደተቀመጠ ሥራው ላይ አይታይም» የሚለውን እቃወማለሁ፤ በርቀቱ ልክ ይታያል። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 10,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰርቨር ደርሶ መልሱ ቢያንስ 100 ሚሊሰከንድ ነው፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ከዚያ ይበልጣል። ለንግግር በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በታች ይመከራል። ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ባለው ሳተላይት ከሆነ ምልክቱ ወጥቶ ለመውረድ ብቻ 240 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ሰዎች እየተቋረጡ ያወራሉ። እንደ ስታርሊንክ ያሉት 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚበሩ ይህ ችግር የለባቸውም፤ ዛፍና ሕንፃ ሰማዩን ሲከልላቸው ግን ይቆራረጣሉ።

ማደሪያ ሲመረጥ አከራዩ የሚልከው የፍጥነት ፎቶ ብዙ አይነግርም። የቪዲዮ ስብሰባ ከ2 እስከ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ይበቃዋል፤ የሚገድለው መስመሩ ሲጨናነቅ የሚፈጠረው መዘግየት ነው። ትልቅ ፋይል እየጫናችሁ ፒንግ (የምልክቱን የደርሶ መልስ ጊዜ) ለኩ። ከ30 ሚሊሰከንድ ወደ 500 ከዘለለ ፓኬቱ (የሚላከው የመረጃ ቁራጭ) ራውተሩ ውስጥ ተሰልፎ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። መፍትሔው በራሳችሁ ራውተር ላይ የወረፋ መቆጣጠሪያውን አብርቶ ፍጥነቱን ከተለካው 85 እስከ 90 ከመቶ ላይ መገደብ ነው። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ድምፁ ይጸዳል።

ቪፒኤን ሲበራ አንዳንድ ገጽ ተከፍቶ አንዳንዱ ግማሽ ላይ ከቀረ ደግሞ ብዙ ጊዜ የፓኬት መጠን ጉዳይ ነው፤ ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን በተለምዶ 1420 ባይት ያስቀምጣል፣ ወደ 1280 ዝቅ ሲደረግ ይስተካከላል። ጭራሹን አልገናኝ ካለ የማደሪያው ኔትወርክ ዩዲፒን (ብዙ ቪፒኤን የሚጠቀምበትን የመላኪያ ዘዴ) ዘግቶ ይሆናል፤ ተራ ድረ ገጾች በሚያልፉበት በቲሲፒ 443 የሚሄድ ሁለተኛ መንገድ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ሰዓቱም አለ። አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ አውሮፓ በመጨረሻው እሑድ ስለሆነ በመካከል ያለው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ላይ ስብሰባ በአንድ ሰዓት ይዛነፋል፤ በመኸር ደግሞ ለአንድ ሳምንት። ቀጠሮ ሲመዘገብ «ፕላስ ሦስት» ተብሎ ሳይሆን በከተማው ስም ይሁን፤ ካላንደሩ ራሱ ያስተካክለዋል።

ባትሪም እንዳይረሳ። አውሮፕላን ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው፣ ያውም በእጅ ሻንጣ። 27,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 99.9 ይሆናል፤ 30,000 የሚለው ያልፋል።

ተከራይ፦
እስካሁን ስለ ሠራተኛውና ስለ አሠሪው ብቻ ነው የተባለው። ሦስተኛው ወገን ደሞዙ በዚያው ከተማ ገበያ የሚከፈለው ተከራይ ነው። የባርሴሎና ከተማ አስተዳደር ለቱሪስት የሚከራዩትን 10,101 አፓርታማዎች ፈቃድ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2028 ሲያበቃ አላድስም ያለው በዚህ ጫና ነው። የወር ኪራይ ፈላጊው ተጓዥም ያንኑ ቤት ነው የሚሻማው።

ሕግ አንባቢ፦
ጫናው እውነት ነው፤ አሠሪው ሠራተኛውን ቢከለክለው ግን ቤቱ ለሌላ ጎብኚ ይከራያል። መያዣው ያለው በኪራይ ሕጉና በቤት ግንባታው ላይ ነው።

የደሞዝ ሒሳብ፦
የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይኸው፦ ከየትም አገር መሥራት መብት ይሁን ሳይሆን፣ ጥያቄ ማቅረብና በጽሑፍ መልስ ማግኘት መብት ይሁን። ጥያቄው ላይ አገሩ፣ የመግቢያና የመውጫ ቀኑ፣ ባለፉት 12 ወራት እዚያ የቆየበት ቀን ብዛት፣ የቪዛው ዓይነት፣ ውል የሚፈርም መሆን አለመሆኑ፣ የሚከፍተው መረጃ ዓይነትና የሕክምና ዋስትናው ይጻፍ። የጉዞ ዋስትና ብዙውን ጊዜ ድንገተኛ ሕመምን ብቻ ስለሚሸፍን ለረጅም ቆይታ አይበቃም። ቀኑ ሲቀየር ደግሞ ከመንቀሳቀስ በፊት ይነገር።

ዘላኑ፦
ቅጹን እቀበላለሁ፤ ማሳወቅም ግዴታ ይሁን። የምንለያየው ዝምታው ላይ ነው። አሠሪው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ምክንያቱን ጠቅሶ ካልመለሰ፣ ስምምነት ወዳለበት አገር፣ ውል ለማይፈርም ሠራተኛ፣ እስከ 30 ቀን እንደ ተፈቀደ ይቆጠር።

የደሞዝ ሒሳብ፦
30 ቀኑ ቢከበርም የማኅበራዊ ዋስትናው ማረጋገጫ በ10 ቀን ውስጥ ላይደርስ ይችላል። ኤ1ን ወይም የሌላ ስምምነት ማረጋገጫን የሚሰጠው መንግሥት እንጂ አሠሪው አይደለም። ማመልከቻው ገብቶ ደረሰኝ መኖሩ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ እስማማለሁ፤ ያለ እሱ ዝምታን እንደ ፈቃድ አልቆጥርም።