የድሮዎቹ የጎራዴና የአስማት ታሪኮች ምናቸው ነው የሚጥማችሁ?

የጠባሴው ልጅ፦
ሰላም ናችሁ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ከአልጋ አላስወርድ ሲለኝ ስልኬ ላይ ኮናን የሚባለውን ጎራዴ መዛዥ ታሪኮች ጀመርኩ፣ ሮበርት ሃዋርድ የጻፋቸውን ማለቴ ነው፣ ፊልሙን አይደለም። እኔ የለመድኩት ካርታ ያለው፣ የዘር ሐረግ የሚቆጠርበት ወፍራም ፋንታሲ፣ የምናብ ዓለም ልብወለድ ነው፣ ይሄ ግን ሰውየው ይመጣል ይሰርቃል ጠንቋዩን ይገላል ይሄዳል፣ አንዱ ላይ ንጉሥ ነው ቀጣዩ ላይ ሌባ። ምኑን ነው የምታደንቁት በናታችሁ?

መንዜው፦
አንተ ልጅ እሱ እኮ ነው ጣዕሙ! ሃዋርድ የቴክሳስ ሰው ነው፣ ርካሽ ወረቀት ላይ ለሚታተም መጽሔት በጻፈው ቃል ብዛት ልክ እየተከፈለው ነው የጻፈው፣ በፈረንጆቹ 1932 የመጀመሪያው ሲወጣ ኮናን ንጉሥ ነበር፣ የሌብነቱ ዘመን ከዛ በኋላ ነው የተጻፈው። ሽማግሌ እሳት ዳር ጀብዱውን ሲያወራ በዕድሜ ተራ ይነግርሃል እንዴ? ትዝ እንዳለው ነው። ዓለምን ላድን አይልም፣ የሚፈልገው ወርቅና መጠጥ ነው። በል የዝሆኑን ግንብ ታሪክ አንብብ። ዕንቁ ሊሰርቅ ግንቡን ይወጣል፣ ውስጥ የሚያገኘው ጣዖት የመሰለው የዝሆን ራስ ያለው ፍጡር ነው፣ ለካ ሕይወት አለው፣ ዓይኑን አጥፍተውታል፣ ያለቅሳል፣ በኩምቢው የኮናንን ፊት በቀስታ ይዳብሳል። ያ ሁሉ ጎራዴ መዛዥ በሰው ልጅ ሥራ አፍሮ ይቆማል። ዕንቁውንም ሳይወስድ ነው የሚወጣው።

አንኮበሯ፦
አጻጻፉ ይይዛል፣ አልክድም፣ ግን ጥቁር ሰው ላይ ሲደርስ የሚጽፈው ያንገሸግሻል፣ ሴቶቹም ብዙዎቹ ለመጮህ ብቻ የገቡ ናቸው። እዛው መጽሔት ላይ በ1934 ሲ ኤል ሙር የምትባል ሴት ጂሬልን ጽፋለች፣ ቀይ ፀጉሯ ጎራዴ የምትመዝ የራሷ ግንብ ያላት እመቤት፣ እሷን ሞክር። ቻርልስ ሳውንደርስ ደግሞ አለ፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በዚህ ነገር ተናዶ አፍሪካን በመሰለ ዓለም ውስጥ ኢማሮ የሚባል ጀግና ፈጠረ፣ መጽሐፉ በ1981 ወጣ።

መንዜው፦
እቴ ልክ ነሽ፣ ለእንጀራ ብሎ የሞነጫጨራቸው አሉ፣ እነሱን መዝለል ነው። በ30 ዓመቱ ነው የሞተው እኮ።

የጠባሴው ልጅ፦
ጋሼ ግንቡን አሁን ጨረስኩት፣ ሸረሪቷን ለምን አልነገሩኝም ግን 😂 አንኮበሯ ኢማሮን ስልክ ላይ የሚነበበው ካለሽ በውስጥ ላኪልኝ እስቲ።