ክታብ በቁመት የሚለካው ለምንድን ነው? እንግጫ የሚባለው ሣርስ ደመራ ውስጥ ለምን ይገባል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጎጃም ልማዶች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የባህል ተመራማሪው ጄምስ ፍሬዘር አስማትን በሁለት ይከፍለዋል፦ አንዱ የተፈለገውን ነገር በማስመሰል የሚሠራ ነው፤ ሌላው የተነካኩ ነገሮች ቢለያዩም እንደተሳሰሩ ይቀራሉ በሚል እምነት የሚሠራ። በብራና የሚጻፈው ክታብ የቱ ጋ ይመደባል? የባለቤቱን ቁመት ያክላል የሚባለውስ እውነት ነው? ስለ እንግጫም የምታውቁ ጨምሩልኝ።

ብራና ፋቂ፦
እውነት ነው። በትእዛዝ የተሠራ ክታብ ከአናት እስከ ተረከዝ የባለቤቱ ልክ ነው። ሳይሸፈን የቀረ የአካል ክፍል ካለ ጋኔን በዚያ ይገባል ተብሎ ስለሚታመን ብራናው ሰውየውን ሙሉ ያህላል። ይኼ ማስመሰል ነው። አንድ ቁራጭ ስለማይበቃ ብዙ ጊዜ 3 ይቀጠላል። 1 ሜትር ከ60 ለሆነች ሴት 55 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 3 ቁራጮች ይበቃሉ፤ ሁለቱ መደራረቢያዎች 2 ከግማሽ፣ 2 ከግማሽ ይበላሉ። ስፌቱ በቀጭን የብራና ጠፍር ነው። የሚጻፈው በአንድ ገጽ ብቻ ነው።

ስሙ ግን ሌላ ነገር ነው። የክርስትና ስሟ «አድኅና ለአመትከ» (አገልጋይህን አድናት) ከሚለው ቀጥሎ ይገባል፤ ጸሎቱን ከእሷ ጋር የሚያስረው እሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ክታቡ ሰው ሲለውጥ ነው። የቀድሞው ስም በምላጭ ይፋቅና አዲሱ ይጻፍበታል፤ የተፋቀው ቦታ ሻክሮ ቀለሙ ይፈሳል፣ ፊደሉም ወፍሮ ይታያል። ስሙ የአዲሷ፣ ቁመቱ የቀድሞዋ ይሆናል።

ሥዕሉንም አትለፈው። ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ላይ ሆኖ ሕፃናት ገዳይዋን ወርዘልያን ሲወጋ ይሣላል። ፅንስ የሚጨነግፍባት፣ ልጅ የሚሞትባት ሴት ይኼን የምታስጽፈው እሱ ያኔ እንደወጋት ዛሬም የእሷን ጠላት እንዲወጋላት ነው።

የዳሞት ልጅ፦
ስለ እንግጫ፦ ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ ከነሥሩ ይነቅሉታል። ስሙም «እንግጫ ነቀላ» ነው፤ አይታጨድም። ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነው ምሰሶና በር ላይ ያስሩታል። እስከ መስቀል እዚያው ይከርማል፤ ከዚያ ተፈትቶ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እየተባለ ደመራው ውስጥ ይጨመራል። ክረምቱን በጎመን የገፋ ቤት ረሃቡን ከነምንቸቱ ያስወጣል፤ ጥጋቡን በስሙ ጠርቶ ያስገባል። ለእኔ ከማስመሰል ሁሉ ግልጡ ይኼ ነው።

ጮቄ፦
የመነካካቱን ወገን እኔ ልጨምር። እትብት የሚቀበረው፣ «እትብቴ የተቀበረበት» የምንለውም፣ ሰውና አፈሩ እንደተሳሰሩ ስለሚታመን ነው። ጭዳም እዚሁ ይገባል፦ ዶሮዋ በበሽተኛው ራስ ዙሪያ ትዞራለች፤ ደዌው ወደ እሷ ይሻገራል ይባላል። መንታ መንገድ ላይ ከተጣለች ደግሞ የረገጣት መንገደኛ ደዌውን ይወስዳል ተብሎ ይፈራል።

ቡዳ ላይ ግን ስትጽፍ ተጠንቀቅ። በላ ከተባለው ሰው ፀጉር ወይም የልብሱ ጫፍ ተቆርጦ ለበሽተኛው ይታጠናል። ሥርዓቱ የመነካካት ቢሆንም መዘዙ የሚያርፈው በሸክላ ሠሪና በቀጥቃጭ ላይ ነው። የገንፎውን ምንቸት የሠራችው ሴት ራሷ ቡዳ ትባላለች። ይኼን ሳትጽፍ ሥርዓቱን ብቻ እንዳትተርክ።