ሰግድ በ2019 መቼ ነው የሚውለው? ቲኬት ከመቁረጤ በፊት እርዱኝ፣ የእናቴ ሙት ዓመትም አለ

የእሙዬ ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም። እህቴ አሽዶድ ነው የምትኖረው፣ ከገባች 20 ዓመት ሊሞላት ነው፣ እኔ በትዳር ምክንያት እዚሁ ቀረሁ። ለ2019 ሰግድ (የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል) አብረን እየሩሳሌም እንድንወጣ አስበናል ግን አንዴ ስለተቃጠልኩ አሁን ቀኑን ሳላረጋግጥ ብር አላወጣም። በ2010 ምን ሆንኩ መሰላችሁ፣ ከዮም ኪፑር (ከማስተስረያው ቀን) ጀምሬ 50 ቀን ቆጠርኩ፣ ኅዳር 9 ቅዳሜ ላይ አረፈልኝ፣ የእብራይስጡ ካላንደርም ሕሽቫን የሚባለው ወር 29 ያው ቅዳሜ ነው የሚለው፣ እንግዲህ ልክ ነኝ ብዬ አርብ ኅዳር 8 ጠዋት ቤን ጉሪዮን ገባሁ። እህቴ ልትቀበለኝ መጥታ ገና እንዳየችኝ "ትናንት እኮ ነበረ" አለችኝ። በስልክ ስናወራ እኔ "ለሰግድ እደርሳለሁ" እላለሁ፣ እሷ "እሺ" ትላለች፣ ቀኑን ግን አንዳችንም ጠርተን አልተናገርንም። ለበዓሉ ያሰፋሁትን ነጭ ቀሚስ ከነእጥፋቱ ይዤው ተመለስኩ። እስካሁን ለምን እንደዛ እንደሆነ አልገባኝም፣ 50 ቀኑን ደግሜ ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የእናታችን ነው። ያረፈችው የካቲት 16 ቀን 2013 ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። እኔ በየዓመቱ የካቲት 16 አስባታለሁ፣ እህቴ ግን በእብራይስጡ ነው የምታስባት ስለዚህ በአንድ ቀን ሻማ አብርተንላት አናውቅም። አሁን ደግሞ በ2019 አዳር የሚባለው ወር ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው ብላ እሷም ግራ ገብቷታል። የትኛው አዳር ነው የእናቴ? የሚያውቅ ካለ በእግዚአብሔር።

ቢኒ ሐዋሳ

ሰግድ እኮ በየዓመቱ ኅዳር 29 ነው፣ አይቀያየርም። አንድ ጽሑፍ ላይ አንብቤዋለሁ። ለዛ ቀን ቁረጪ።

የራሚ አባት (ረሆቮት)

እህቴ ይሄን እንዳትይዢ በናትሽ፣ ቢኒም በቅንነት ነው ግን ስሙ ነው ያምታታው። 29 የሚባለው የሕሽቫን ወር ነው፣ ሕሽቫንን ብዙ ሰው ወደ አማርኛ ሲመልስ "ኅዳር" ይለዋል፣ ከዛ አንባቢው የኛን ኅዳር ይመስለዋል። የኛ ኅዳር 29 በፈረንጅ ዲሴምበር 8 ነው፣ ሰግድ እዛ ድረስ አይዘገይም።

የ2019 ሰግድ ሰኞ ጥቅምት 30 ነው፣ ኖቬምበር 9 2026።

የ2010ሩን ልንገርሽ፣ ቆጠራሽ ልክ ነበረ። ዮም ኪፑርን ራሱን አንድ ብለሽ ስትጀምሪ 50ኛው ቀን ሕሽቫን 29 ነው፣ በዛ ዓመት ደግሞ ቅዳሜ ላይ ዋለ። ሰግድ ጾም አለበት፣ ከየከተማው በአውቶቡስ ነው ሕዝቡ እየሩሳሌም የሚወጣው፣ ሻባት ላይ ይሄ ሁሉ አይሆንም። ስለዚህ ቅዳሜ ላይ ሲወድቅ ወደኋላ ተስቦ ሐሙስ ሕሽቫን 27 ይከበራል፣ አንቺ የመጣሽው በማግስቱ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ.ም እንደዛው ሆኗል፣ ቀኑ ቅዳሜ ኖቬምበር 30 ነበረ ሐሙስ ኖቬምበር 28 ተከበረ።

ሁልጊዜ ሰው ሳትጠይቂ የምታውቂበትን ዘዴ ልስጥሽ። ሮሽ ሃሻና (የእብራይስጡ አዲስ ዓመት) እሁድ፣ ረቡዕና አርብ አይውልም። ረቡዕ ከዋለ ዮም ኪፑር አርብ ይውላል፣ አርብ ከዋለ ደግሞ እሁድ ይውላል፣ ያኔ ከሻባት ጋር ይያያዝና ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ የማይሠራበት ሬሳ የማይቀበርበት ይሆናል። እሁድ የተከለከለው በዳሱ በዓል በ7ኛው ቀን ያለው ሆሻና ራባ ቅዳሜ እንዳይውል ነው። የቀሩት ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ናቸው። ሮሽ ሃሻና ሰኞ ከሆነ ሰግድ ረቡዕ፣ ማክሰኞ ከሆነ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ከሆነ ሰኞ ይውላል። ሐሙስ ከሆነ ብቻ ነው ሰግድ ቅዳሜ ላይ ወድቆ የሚሳበው። ይቺን አንዴ ከያዝሽ ሁለተኛ አትቃጠይም። የ2026ቱ ሮሽ ሃሻና ቅዳሜ ሴፕቴምበር 12 ነው፣ ማለት አርብ በእንቁጣጣሽ ማታ ይገባል፣ ስለዚህ ሰግድ ሰኞ፣ አለቀ።

ቲኬቱን ለሐሙስ ጥቅምት 26 ቁረጪ። አርብ ከሰዓት ጀምሮ አውቶቡስ የለም፣ ቅዳሜ ትቆያላችሁ፣ እሁድ ትዘጋጃላችሁ።

የእሙዬ ልጅ

የራሚ አባት እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የራሴ ቆጠራ ይመስለኝ ነበር ጥፋቱ። ግን ለምንድነው ዝም ብሎ በየዓመቱ አንድ ቀን ላይ የማይውለው? ሰግድ አንዴ ጥቅምት አንዴ ኅዳር ነው፣ ፋሲካቸውም እንደዛው።

የአብነት ተማሪ (ባሕር ዳር)

ይሄን እኔ ልሞክር፣ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ጨረቃ ከልደት እስከ ልደት 29 ቀን ተኩል ከ44 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጅባት፣ ስለዚህ ወራቸው አንዱ 29 አንዱ 30 ይሆናል፣ 12 ወር ሲደመር 354 ቀን ይመጣል። የፀሐይ ዓመት 365 ነው። ልዩነቱ 11፣ እኛ ጥንተ አበቅቴ 11 የምንለው ይሄንኑ ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችን ልዩነቱን አይሞሉትም፣ ለዛ ነው ረመዳን ክረምትም በጋም ላይ የሚዞረው። አይሁድ ግን እንደዛ ማድረግ አይችሉም ምክንያቱም ኦሪት ዘዳግም 16 ላይ የአቢብን ወር ጠብቅ ስለሚል ፋሲካ የግድ እሸት በሚደርስበት ጊዜ መዋል አለበት። ስለዚህ 11 እየተጠራቀመ ወር ሲያህል አንድ ሙሉ ወር ይጨምራሉ። በ19 ዓመት 7 ጊዜ ነው፣ በ3ኛው፣ በ6ኛው፣ በ8ኛው፣ በ11ኛው፣ በ14ኛው፣ በ17ኛው እና በ19ኛው ዓመት። ይቺ 19 የኛም ንዑስ ቀመር ናት፣ የትንሣኤ ሒሳባችን የተሠራባት። እኔ ይሄን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ፣ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ውኃ ነው።

አሁን የሚመጣው ዓመታቸው 5787 ነው፣ ለ19 ስታካፍዪው 11 ይተርፋል፣ 11ኛው ደግሞ ወር የሚጨመርበት ነው። እህትሽ ሁለት አዳር አለ ያለችው ለዚህ ነው፣ ልክ ናት። ዓመቱ 385 ቀን ይሆናል። በዚህም ምክንያት ፋሲካቸው ከ2018 ወደ 2019 በ20 ቀን ይገፋል፣ በ2026 ኤፕሪል 2 የነበረው በ2027 ኤፕሪል 22፣ ሚያዝያ 14 ሐሙስ ላይ ይወድቃል። የኛ ትንሣኤ ደግሞ ሚያዝያ 24 ነው፣ የኛ እሁድን መጠበቅ አለበት፣ የነሱ ኒሳን የሚባለው ወር 15 እስከሆነ ድረስ ሐሙስም ይሁን ቅዳሜ ይከበራል።

ጋሽ ዘአምቦበር (ቂርያት ጋት)

ልጄ፣ የራሚ አባት በደንብ አስረድቶሻል፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጎንደር ሳለን ይሄ የታተመ ሉህ የለም፣ ወሩን የሚይዙት ቄሶቹ ነበሩ፣ ጨረቃዋን እያዩ። ሮሽ ሃሻናን ብርሃን ሠረቀ፣ ዮም ኪፑርን አስተስርዮ ነው የምንለው፣ ሐኑካና ፑሪምን ያወቅናቸው እዚህ ከመጣን ነው። ሰግድን የምንቆጥረው ፋሲካ ያለበትን ወር አንድ ብለን ነው፣ በ8ኛው ወር በ29ኛው ቀን። ሕሽቫን የሚለውን ስም ብትረሺው እንኳ ስምንተኛ ወር ብለሽ ያዢው፣ ያኔ ከኅዳር ጋር አይምታታብሽም። አምቦበር በልጅነቴ ተራራ ስንወጣ እናቴ ድንጋይ ተሸክማ ነበር የምትወጣው፣ በጾም፣ ቄሶቹ ኦሪት እያነበቡ፣ ከሰዓት ስንወርድ ነው ዳቦ የሚቆረሰው። አሁን በ2008 እ.ኤ.አ. ክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) አዋጅ አውጥቶለት የአገር በዓል ሆነ፣ በአርሞን ሃናጺቭ ከተራራው ላይ እየሩሳሌምን ቁልቁል እያየሽ ነው የምትጸልዪው። ነጭ ቀሚስሽን ይዘሽ ነይ።

የእሙዬ ልጅ

ጋሼ አስለቀሱኝ። ቀሚሱ አለ፣ ይዤው እመጣለሁ። እስቲ የእናቴን የሚያውቅ?

ዮርዲ (ኔታንያ)

እኔ የአባቴን ቀን ለማወቅ ይሄንኑ ሳጣራ ስለነበር ልንገርሽ። መጀመሪያ ቀኑን እናስተካክል። የካቲት 16 2013 ማለት ፌብሩዋሪ 23 2021 ነው፣ ቀኑ አዳር 11 5781። ግን ያረፈችው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው ብለሻል፣ በእብራይስጥ ቀን የሚለወጠው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ ስለዚህ የሷ ቀን አዳር 12 ነው። አብዛኛው ሰው አፕ ላይ የፈረንጁን ቀን ብቻ ያስገባና በአንድ ቀን ይስታል፣ "ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ" የሚለውን መንካት አለባችሁ። እህትሽ የትኛውን ይዛ እንደነበረ ጠይቂያት።

ሁለተኛው፣ 5781 አንድ አዳር ብቻ የነበረው ዓመት ነው። እንደዚህ ዓመት ያረፈ ሰው ሁለት አዳር ሲመጣ በየትኛው ይታሰባል የሚለው ላይ ልማዱ ሁለት ነው፣ አሽከናዞች (የአውሮፓ አይሁድ) በመጀመሪያው ይላሉ፣ ስፋራዶች (የስፔንና የምሥራቅ አይሁድ) በሁለተኛው፣ በሁለቱም የሚያስቡ ቤተሰቦችም አሉ። አንቺ የምትጠይቂው የቤተሰባችሁን ቄስ ወይ እህትሽ የምትሄድበትን ምኩራብ ረቢ ነው፣ እዚህ ላይ እኛ አንወስንልሽም። ቀኖቹን ግን ልጻፍልሽ፣ መጀመሪያው አዳር 12 ፌብሩዋሪ 19 2027 ነው፣ የካቲት 12 አርብ። ሁለተኛው አዳር 12 ማርች 21 ነው፣ መጋቢት 12 እሁድ። ሁለቱም በዋዜማው ማታ ነው የሚጀምሩት።

ተጠንቀቁ ደግሞ፣ በ2018 ከታሰበችበት ቀን ጋር አታስተያዩት፣ ያኔ አንድ አዳር ስለነበረ አዳር 12 ማርች 1 ላይ ነው የዋለው።

ቢኒ ሐዋሳ

እኔም ተማርኩ፣ የላይኛውን መልሴን እንዳትይዢ እህቴ ይቅርታ። ስምንተኛ ወር ያሉት ጋሼ በጣም ጠቅሞኛል።

የእሙዬ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ እህቴ ጋር ደውዬ ሁሉንም አነበብኩላት። በየዓመቱ አዳር 11 ነበር የያዘችው፣ የዮርዲን ስነግራት ዝም አለችኝ፣ ከዛ "ለአምስት ዓመት በአንድ ቀን ቀድሜያት" አለች፣ አጽናናኋት። ዛሬ ጠዋት የሰፈሯን ረቢ ጠይቃ ሁለተኛው አዳር ነው ብሏታል፣ ቤተሰባችን ደግሞ ሌላ ልማድ ስለሌለው በዛው እንሄዳለን።

ቲኬቱን ለሐሙስ ጥቅምት 26 ቆርጫለሁ፣ ረቡዕ ኅዳር 2 እመለሳለሁ። ለመጋቢቱ መሄድ አልችልም ግን አሁን ቀኑ ስለታወቀ ሻማውን አብረን ነው የምናበራው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ መጋቢት 11 ቅዳሜ ማታ ስለሆነ እሷ ሻባት ሳይወጣ ማብራት አትችልም አይደል? በኛ ሰዓት ስንት ይሆናል?

ዮርዲ (ኔታንያ)

አዎ፣ ሻባት ወጥቶ ሐቭዳላ (የሻባት መሸኛ ጸሎት) ካደረገች በኋላ ነው። እዚህ ያኔ ገና የበጋው ሰዓት ስለማይገባ ከናንተ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነን። በናንተ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አልፎ ይሆናል፣ ስልክሽን ክፍት አድርገሽ ጠብቂያት፣ ሻባት እንደወጣ ትደውልልሽ።